ከምሽግ ወደ አእምሮ ጤና ቢሮ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ድሮ ወታደር ነበርኩ። አሁን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬም የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ማስተዳደር ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ሳወራ የሰው ፊት ይቀያየራል፣ ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። ለቅሶ ቤት ይጠየቃል። ባጃጅ ውስጥ ይጠየቃል። ጣና ዳር አሳ ልበላ ተቀምጬ እንኳ እሾሁን ለቅሜ ሳልጨርስ ይጠየቃል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። መሥሪያ ቤቴን በስም አልጠራም፤ የሚያስወቅስ ነገር ስለምናገር፣ ጥፋቱም አንዳንዴ የእኔው ስለሆነ።

ሐኪም ነህ እንዴ?

አይደለሁም። አልመረምርም፣ መድኃኒት አላዝም። ሐኪሙና ነርሷ ሥራቸውን እንዲሠሩ የሚያስፈልገውን የማሟላ ሰው ነኝ፦ በጀት፣ ሰው፣ ሥልጠና፣ መድኃኒት፣ ሪፖርት፣ መኪና። ሰፈር ውስጥ ግን «ዶክተር» ነው የምባለው፣ ስንቴ ብናገር የሚሰማኝ የለም። ባለፈው ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ባልቴት ክንዳቸውን ዘርግተው «ግፊቴን ለካልኝ» አሉኝ። መለኪያም የለኝ፣ ሙያዬም አይደለም ስላቸው «እንግዲያ ምኑን ነው የተማርከው!» ብለው በሩን ዘግተውብኝ ገቡ።

ከውትድርና ወደዚህ ሥራ እንዴት መጣህ?

ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመትኩ። መጀመሪያ እንደ ጓደኞቼ ጠመንጃ ይዤ ምሽግ ገባሁ፤ ኋላ ላይ ጽሕፈቱ ጥሩ ነው ተባልኩና ስንቅና ትጥቅ ተመደብኩ። ስንት ጄሪካን ውኃ ወጣ፣ ስንት ሳጥን ጥይት ገባ፣ ስንት ኮቾሮ ቀረ፣ እሱን መመዝገብ ነው ሥራው። ኮቾሮን የማታውቁ ታድላችኋል። የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው፤ ሻይ ውስጥ ካልነከራችሁት ጥርስ ይፈትናል። በመጨረሻ ሃምሳ አለቃ ሆንኩ።

ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ከዚያ ሠራዊቱ ተቀነሰ፤ ወደ 150 ሺህ ገደማ ሰው ነው እየተሰናበተ ወደየቤቱ የተመለሰው። እኔም 1994 ላይ የስንብት ወረቀቴንና ጥቂት ብር ይዤ ባሕር ዳር አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። ስድስት ወር ያህል ምንም አልሠራሁም። ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት ግቢውን እዞራለሁ። እናቴ «ልጄን ብርድ መቶት ነው» እያለች ስንቱን ቅጠል አጠነችኝ።

ከዚያ በማስታወቂያ ተወዳድሬ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ንብረት ክፍል ገባሁ። ሞዴል 19፣ ሞዴል 20፣ ሞዴል 22፤ የንብረት ቅጾች ናቸው። የመንግሥት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይህችን ቁጥር ሲሰማ ፈገግ ይላል። ለእኔ ግን እረፍት ነበረች፤ ገቢ በ19፣ ጥያቄ በ20፣ ወጪ በ22፣ ሌላ ነገር የለም፣ ማንም አይሞትም። ማታ ማታ እየተማርኩ መጀመሪያ የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ያዝኩ፣ ቀጥሎ የማኔጅመንት ዲግሪ።

የአእምሮ ጤናው ዘርፍ ሰው ሲፈለግለት ግን ማንም እጁን አላወጣም። ስብሰባው ላይ ሁሉም ማስታወሻ ደብተሩን ያያል። የዚያን ጊዜው አለቃችን ዙሪያውን ቃኙና «እሱ ይሂድ፣ ወታደር ነው፣ እብድ አይፈራም» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የተመደብኩት እንዲህ ነው። በመመዘኛም በልምድም አይደለም፣ «አይፈራም» ተብሎ ነው። ለጥቂት ወራት ቅጣት መስሎኝ ነበር።

እውነት ግን አትፈራም?

የምፈራው የመድኃኒት እጥረትን ነው። ታማሚው ሰው ነው፤ አብዛኛው እንዲያውም ራሱ ፈርቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ይህን ለመልመድ አንድ ሳምንት አልፈጀብኝም።

ደግሞ «እብድ» የሚለውን ቃል ብትተዉት ደስ ይለኛል። እኔም ድሮ እለው ነበር፣ አለቃዬን ለማማት አይደለም። ግን ቃሉን የሰማ ታማሚ በሩ ላይ ሲመለስ አይቻለሁ።

ውትድርና ለዚህ ሥራ ምን ጠቀመህ?

ስንቅ ክፍል የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ውኃ ሲያልቅ አይደለም የሚጠየቀው፣ ገና ሳያልቅ ነው። ምሽግ ላይ ያለ ልጅ ውኃ ጠምቶት «ቅጹ አልተሞላም» ብትለው አይገባውም። መድኃኒትም እንደዚያው ነው።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት እናትና ልጃቸው ከዘጌ በጀልባ መጡ። ልጁ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፣ እሱም የቀድሞ ወታደር። በወር አንዴ የሚወጋ መድኃኒት አለው፣ ፍሉፌናዚን የሚባል። መድኃኒቱን ሲወስድ ቡና ይለቅማል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ እናቱን ይረዳል። ልብሱ በሐይቁ ውኃ ረጥቦ ነበር፣ ነፋስ ነበረች መሰለኝ። እናቱ በነጠላ የተቋጠረ ቡና ይዘዋል፤ ለነርሷ ነው። ነርሷ ወደ መድኃኒት ክፍል ሄደች፣ ተመለሰች፣ እኔን ጠራችኝ። ገብቼ ቢን ካርዱን፣ ማለትም የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ አየሁት። ዜሮ። ከዜሮው በላይ ያለው ቁጥር 4 ነው፣ ከዚያ በላይ 9። ቁጥሩ እየወረደ መሆኑ ካርዱ ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጹ በየሁለት ወሩ መሄድ ሲገባው አልሄደም፣ ምክንያቱም የሚሞላው ሰው የዓመት እረፍት ወጥቷል፣ ተተኪ መመደብ የነበረበት ደግሞ እኔ ነኝ።

«በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» አልናቸው። እናትየው አልተቆጡም። ቡናውን አስቀምጠው ሄዱ። ያ ቡና እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒቱ ገብቶ ነበር፣ እነሱ ግን አልመጡም። የጀልባው ገንዘብ ይሁን ተስፋ መቁረጥ አልጠየቅኩም። ሲመጡ ከአንድ ወር በላይ አልፏል። ልጁ እጁ በገመድ ታስሮ ነበር፣ በሁለት ዘመዶቹ መካከል። ገመዱ የታንኳ ማሰሪያ ነው። እናቱ አላዩኝም፣ ወይ አይተው አላወቁኝም።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አለኝ። ካርዱ ላይ ለሁለት ወር የሚበቃ ብቻ ሲቀር እጮኻለሁ። ይሰለቹኛል፣ «ሃምሳ አለቃው ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። ይበሉ። አንዳንዴ ቅርንጫፍ መጋዘኑም ባዶ ይሆናል፣ ያን ጊዜ የትኛው ጤና ጣቢያ ትርፍ እንዳለው በስልክ አፈላልጌ በሞዴል አዛውራለሁ። ከዚህ የተሻለ አስተዳደር አላውቅም። ሰው የአእምሮ ጤና ሥራ ሲባል ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማጽናናት ይመስለዋል፤ የእኔ ድርሻ ግን አንድ ብልቃጥ ከመጋዘን ተነስቶ በቀጠሮው ቀን ነርሷ እጅ መድረሱ ነው።

ምን ጎዳህስ?

ትዕዛዝ። ሠራዊት ውስጥ «ይደረግ» ከተባለ ይደረጋል። ሲቪል መሥሪያ ቤት ውስጥ «ይደረግ» ማለት ውይይት ተጀመረ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንዷን ነርስ ጮኼባት አስለቅሻታለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በማግስቱ ሰው ባለበት ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን እሷ ናት የምትጮህብኝ።

ሌላው ዝምታ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የምትለዋን ነገር ምሽግ ውስጥ ጠጥተናታል። እዚህ ሥራ ላይ ግን አለማውራት ራሱ በሽታ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፣ ግን ተረቱ ለእግር ቁስል ብቻ ይመስለናል።

አንተ ራስህ ታክመሃል?

አዎ። ሰው ይህን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ስለዚህ ጮክ ብዬ ልጻፈው። ታክሜያለሁ።

ለዓመታት ጫማዬን እንደታጠቅኩ ነበር የምተኛው። ባጃጅ ጎማዋ ሲፈነዳ መሬት ላይ ተኝቼ ራሴን አገኘዋለሁ፤ አንዴ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ በእሁድ ልብሴ፣ ሰው እያየኝ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከቤት ወጥቼ እደበደባለሁ እንጂ ውስጥ አልቀመጥም። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ስለ አእምሮ ጤና ሪፖርት ጻፊ ነኝ። ቅጹ ላይ ምልክቶቹን እየሞላሁ «ይሄ እኔ ነኝ» ያልኩት ሥራው ከጀመርኩ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። ያቺው ያስለቀስኳት ነርስ ናት ወንበር ስባ «ቁጭ በል ሃምሳ አለቃ» ያለችኝ።

ፍሎክሰቲን ወሰድኩ። በየሁለት ሳምንቱ ቁጭ ብዬ አወራሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም ለውጥ አልነበረውም፣ ልተወው ነበር።

ፒቲኤስዲ የሚሉት ምንድን ነው? ከተራ ሐዘን በምን ይለያል?

በሕይወት ላይ የመጣ ከባድ አደጋ ካለፈ በኋላ አእምሮ «አላለፈም» ሲል ነው። ነገሩ በቅዠት ወይም ቀን በቁም ይመለሳል። ሰውየው የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፤ ሰው ይሸሻል፣ ወሬ ይሸሻል፣ አንዳንዱ መንገድ ይሸሻል። ሰውነቱ ሁሌ ዘብ ላይ ነው፣ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፣ ቶሎ ይቆጣል፣ አይተኛም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ በማንም ላይ ሊታይ ይችላል፣ አብዛኛው ሰውም በራሱ ጊዜ ይሻለዋል። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሥራና ቤት ማስተዳደር ሲያቅተው ነው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለበት። ደግሞ ወታደር ብቻ አይደለም የሚይዘው። የተደፈረች ሴትን፣ መኪና የተገለበጠበትን ሾፌር፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ይይዛል።

በስሙ በሽታ ሆኖ የተመዘገበው ቅርብ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የበሽታዎች መጽሐፉ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ በፊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ሼል ሾክ» ይሉት ነበር፣ የመድፍ ድንጋጤ እንደማለት። ፈሪ ተብሎ የተረሸነም ነበረ። እኛ ጋ ደግሞ ብርድ፣ ልክፍት፣ የሰው ዓይን፣ ዛር። ስሙ ይለያይ እንጂ ሌሊቱ አንድ ነው።

ጠበል ወይስ ክኒን?

ይህ ጥያቄ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጣል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሁለቱም። ግሽ ዓባይ ሄጄ ተጠምቄያለሁ፣ ክኒኔም ኪሴ ውስጥ ነበር። ማንም አልሞተም።

ችግሩ የሚመጣው «ጠበል ላይ ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ሲያቋርጡ ነው። በተለይ የሚወጋውን መድኃኒት የሚወስዱና የሚጥል በሽታ ያለባቸው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሰውየው ውኃ ዳር ቆሞ ሊወድቅ ይችላል፣ ውጤቱን መንገር አያስፈልግም። አጥማቂዎቹን ጠላት ማድረግም ሞኝነት ነው። የማውቃቸው አንድ አባት ታማሚ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «መድኃኒትህን ይዘሃል?» ብለው ነው፤ ካልያዘ መልሰው ይልኩታል። እኔ በስብሰባ ከማስረዳው ይበልጥ ሰው እሳቸውን ይሰማል፣ ትክክልም ነው።

ማሰርና መደብደብ ግን ጠበል አይደለም፣ ማንም ይሥራው ማን።

መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም?

ለድብርትና ለፒቲኤስዲ የሚሰጡት ፍሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ሱስ የሚያስይዙ አይደሉም። ግን በራስ ፈቃድ በድንገት አይቆሙም፣ ቀስ ተብሎ ነው። ለውጡን ለማየትም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ሲሻልም ቶሎ አይጣልም፤ ለድብርት ከተሻለ በኋላ ወራት ይቀጠላል፣ ስንት ወር እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሱስ የሚያስይዘው ዳያዜፓም ነው። ከፋርማሲ በጓሮ በር እየገዛ ለመተኛት የሚወስድ የቀድሞ ወታደር ብዙ አውቃለሁ። ሌላው አረቄ ነው። አረቄ ያስተኛል፣ እውነት ነው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ቀስቅሶ ያስቀምጣችኋል። ስለ ጫት ደግሞ እዚሁ ጓሯችን የሚበቅል ነገር ስለሆነ ማንም አይሰማኝም፤ የማይተኛ ሰው የማያስተኛ ነገር ለምን እንደሚቅም ግን አንድ ቀን የሚያስረዳኝ አገኛለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ ወዴት ነው የሚኬደው?

መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ። ሳይካትሪ ነርስ ያለበት አለ፤ ባይኖርም የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤች ጋፕ በሚለው መርሐ ግብር የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊኖር ይችላል። መርሐ ግብሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ስፔሻሊስት እስኪመጣ ከመጠበቅ ያለውን ባለሙያ ማሠልጠን። እዚያ ካልሆነ ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይም ወደ አዴት መስመር ወጣ ብሎ ወዳለው ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ትሄዳላችሁ። የጤና መድን ያላችሁ ደብተሩን እንዳትረሱ። ሪፈሩን ዘላችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ መድኑ ላይሸፍን ይችላል፣ ያን ጊዜ ካርድ ክፍል ላይ መጨቃጨቅ ነው።

ድሮ እኮ መልሱ «አማኑኤል» ብቻ ነበር። በጣሊያን ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ነው የኖረው። ከጎጃም በሽተኛ በገመድ አስረው አውቶቡስ ላይ ጭነው ይሄዱ ነበር። አገር ውስጥ ሳይካትሪስት በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፤ ከዚያ በፊት ውጭ አገር መማር ግድ ነበር። እንግዲህ እኔ ከሠራዊት የወጣሁት ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሜ ነው። እናቴ በቅጠል ማጠኗ ሞኝነት አልነበረም፣ ሌላ ምን ነበራት?

ወንድሜ ከሠራዊት የተመለሰ ነው፤ «አላበድኩም፣ አልሄድም» ይላል። ምን ላድርግ?

አታስገድደው። «ታመሃል» አትበለው። እንቅልፉን ጠይቀው። ወታደር «ተጨንቄያለሁ» አይልም፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ስለ እንቅልፍ ለመጠየቅ ጤና ጣቢያ መሄድ አያሳፍርም። አብረኸው ሂድ፣ ካርድ አውጣለት፣ ሰልፉ ላይ አብረኸው ቁም። ጀርባውን ግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በር አድርጎ መቀመጥ ከፈለገ ተውት፣ ሁላችንም እንዲያ ነን።

ከየትኛው ጦርነት እንደመጣ፣ ከማን ጎን እንደነበረ ግን የእኛ ነርሶች አይጠይቁም። አንተም ሰው ፊት አትጠይቀው።

ራሱን ሊያጠፋ ነው ብለን ከፈራንስ?

ጠይቁት፣ በቀጥታ። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ማለት ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ለነገ አይባልም። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ አውጥታችሁ የታመነ ዘመድ ጋ አስቀምጡ፣ ጥይቱን ለብቻ። ገጠር ከሆነ ፀረ ተባዩንም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ አይደለም። የክፉ ሐሳብ ሰዓት ያልፋል፤ በዚያች ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር እንዳይኖር ነው።

እኔም የቀድሞ ወታደር ነኝ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት መቀጠር እችላለሁ?

ለምን አትችልም? ግን ወረቀት። የስንብት ወረቀት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃ። የውትድርና ልምድህን በሲቪል ቋንቋ ጻፈው። «ጓድ መሪ ነበርኩ» ብትል መዝጋቢው አይገባውም፤ ስንት ሰው እንደመራህ፣ ምን ንብረት እንደተረከብክ፣ ምን እንዳስረከብክ ጻፍ። የእኔ ማመልከቻ ላይ «የስንቅ ምዝገባና ርክክብ» የሚል ቃል ባይኖር ንብረት ክፍል አልገባም ነበር። መኪና የነዳ፣ ሬዲዮ የሠራ፣ ቁስለኛ ያነሳ፣ ሁሉም የሚጻፍ ነገር አለው።

ኅዳር 2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽንም የቀድሞ ተዋጊዎችን ትጥቅ ማስፈታት፣ ማሰናበትና መልሶ ማቋቋም ሥራው ነው፤ የሚመለከታችሁ ጠይቁ።

የውትድርናው ዘመን ለጡረታ ይቆጠራል?

የውትድርናና የሲቪል አገልግሎት አንድ ላይ ሊታሰብ ይችላል። ሰነድ ግን ይፈልጋል፤ ስትሰናበቱ ዳረጎት (የአንድ ጊዜ ክፍያ) የተከፈላችሁበት ዘመን ከሆነ ጉዳዩ ስለሚለይ ፋይላችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። ለጡረታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ የሲቪሉ መውጫ ዕድሜ ደግሞ 60 ነው። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 ይጨምራል። የስንብት ወረቀቱን ኮፒ አድርጉ። የእኔን አይጥ በልታው ግማሹን ነው ያተረፍኩት፣ ደግነቱ ማኅተሙ ያለበት ግማሽ ነበር።

ሌላ አገር እንዲህ ያለ መንገድ የሄደ ሰው አለ?

አለ፣ ከእኔ በብዙ የሚበልጥ። ማክስ ክሌላንድ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ቬትናም ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት እግሩንና ቀኝ እጁን አጣ። ለ30 ዓመት ያህል ቦምቡ ከራሱ ትጥቅ የወደቀ ነበር የሚመስለው፤ የሌላ ወታደር እንደነበረ ያወቀው በ1999 ነው። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደርን እንዲመራ ሾሙት፣ ገና 34 ዓመቱ ነበር። ለቬትናም ተመላሾች የምክር ማዕከላት የተከፈቱት በእሱ ዘመን፣ በ1979 ነው። ኋላ ሴናተር ሆነ። ምርጫ ከተሸነፈ በኋላ ደግሞ ራሱ ለፒቲኤስዲ ታከመ። ይህችን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። ማዕከሉን የከፈተው ሰው ወደ ሕክምናው የገባው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌርም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ይመሩ ነበር። ያዩት ነገር አሞአቸው በ2000 ከሠራዊት ወጡ፣ በኋላ ሴናተር ሆኑ፣ መታመማቸውንም በአደባባይ ተናገሩ። ጄኔራል ታምሜያለሁ ሲል ሃምሳ አለቃ ምን ያፍራል?

ደመወዙ ጥሩ ነው?

የመንግሥት ደመወዝ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ።

ከሥራው በጣም የሚከብደው ምንድን ነው?

ሰኔ። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተገዛው ሁሉ በሁለት ሳምንት ይገዛ ይባላል። የአእምሮ ጤና መስመር ደግሞ ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው፣ ወባ ይቀድማል፣ እናቶች ይቀድማሉ፣ ክትባት ይቀድማል። አልቃወምም፣ ሁሉም ሰው ነው። ግን አንድ ጊዜ የእኛን ሥልጠና ገንዘብ ለሌላ አዛውረውት የሰማሁት ሠልጣኞቹን ስጠራ ነው። ተናደድኩ። ደብዳቤ ጻፍኩ። በማግስቱ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሳዘጋጅ ሥልጠናውን ወደ ጥቅምት አመጣሁት፣ ገንዘቡ ገና ትኩስ ሳለ። ከደብዳቤው ይበልጥ የሠራው ይሄ ነው።

አሁን ትተኛለህ?

አብዛኛውን ሌሊት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው እነቃለሁ፤ ግን አልወጣም፣ ተቀምጬ አዳምጠዋለሁ፣ ባለቤቴም ነቅታ «በረዶ ነው» ትለኛለች፣ እኔም «አዎ በረዶ ነው» እላታለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ። መጀመሪያ አልጋው ሥር ነበር የማስቀምጠው፣ እጄ እንዲደርስበት። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን «አባ፣ ይሸታል» ብላ ወስዳ በር ጋ አስቀመጠችው። እስካሁን እዚያው ነው።